ታርጋው ምን አደረገ? በ«ክፍለ ሀገር ሹፌር» ላይ ለቀረበው ክስ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ነበር። ለእኔ ሦስት ሰው ላከልኝ። ሁለቱ «እውነቱን ነው» ብለው። ሦስተኛው ደግሞ «ስምህ ብቻ ነው የቀረው» ብሎ።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። የአዲስ አበባን መሃል መንገድ ያበላሸው ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ሹፌር ነው። ማስረጃው ታርጋው ነው። ክላክስ ያበዛል፣ የመብራት ምልክት አያውቅም፣ ለአደባባይና ለዜብራ ደንታ የለውም፣ መሃል መንገድ ቆሞ ወሬ ያወራል፣ መንጃ ፈቃዱም የተገዛ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ግን መኪናን ከሁሉም ቀድሞ ስላወቀ ሥርዓት አለው። መፍትሔው? ከተማው በር ላይ ፈተና ይሰጠው።

እኔ ተወልጄ ያደግኩት እሪ በከንቱ ነው። መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁትም እዚሁ። ግን 17 ዓመት እንጀራዬን የበላሁት በመስክ ሹፌርነት ነው። ከወሩ ግማሹን ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ እመላለሳለሁ። ግማሹን ደሴ፣ ጅማ፣ ሐዋሳ ወይም ሐረር መንገድ ላይ ነኝ። ስለዚህ ስድቡን ከሁለቱም ወገን ጠግቤዋለሁ። ክፍለ ሀገር ስደርስ «የአዲስ አበባ ቀበጥ» እባላለሁ። ስመለስ «ገጠሬ»።

ከቀላሉ ልጀምር፤ «ቀድመን አወቅን» ከምትለው። ለዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያውን መኪና በ1900 ዓ.ም. ያመጣው ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። መኪናዋ ሲድሊ ትባላለች። ከጅቡቲ ተነስቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ የመኪና መንገድ በሌለበት አገር እየነዳ ነው አዲስ አበባ የገባው። ታዲያ ይኼ ሰውዬ በጸሐፊው አነጋገር ምንድን ነው? የክፍለ ሀገር ሹፌር! ያኔ በር ላይ ፈተና ተብሎ ቢመለስ ኖሮ ንጉሡ መኪና ሳያዩ በከረሙ።

ሥርዓት ቀድመን ተምረናል የሚለውም አያስኬድም። እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በዚህ አገር የሚነዳው በግራ ነበር። በዚያ ዓመት ወደ ቀኝ ተቀየረ። የፒያሳም የጎንደርም ሹፌር እኩል እንደ አዲስ ጀመረ። ቋንቋችንም ቢሆን ከአንድ ጋራዥ የወጣ ነው። ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ራሷ ታርጋ፣ ሁሉም ጣሊያን ትቷቸው የሄደ ቃላት ናቸው። ከሁመራ እስከ ሞያሌ ፍሬን ፍሬን ነው።

አሁን ወደ ታርጋው። ጸሐፊው ስታዲየም አካባቢ ቆመው «አአ» ያልሆነ ታርጋ ያለው መኪና ሲያጠፋ አይተዋል። አምናቸዋለሁ። ግን ታርጋ የሚናገረው መኪናው የት እንደተመዘገበ ብቻ ነው። መሪውን ማን እንደጨበጠ፣ የት እንደተማረ አይናገርም። እኔ ጋ ኑ። ከእሪ በከንቱ አብረውኝ ያደጉ ልጆች ዛሬ ግማሾቹ ቤት ያገኙት ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ነው። አሁን ሸገር ከተማ ውስጥ የተጠቃለሉት ማለቴ ነው። መኪናቸውን በሚኖሩበት አስመዘገቡ። «ኦሮ» ታርጋ ለጠፉ። ጠዋት ጠዋት ወደተወለዱበት ሰፈር ለሥራ ይመጣሉ። አንዱ መንገድ ሲዘጋባቸው ጸሐፊው «ያው ክፍለ ሀገር ነው» ይሏቸዋል። ልጁ እኮ ጊዮርጊስ ክርስትና የተነሳ ነው!

ከባድ መኪኖቹም ቢሆኑ ብዙዎቹ «ኢት» ታርጋ ናቸው። ክልል የላቸውም። ደግሞ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት መሃል ከተማ እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ሜክሲኮን ያቆመው ሲኖትራክ ነው የሚባለው ነገር እንዴት እንደሆነ አልገባኝም። በዚያ ሰዓት ሜክሲኮን የሚያቆመው እኛው ነን። ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ሚኒባስ፣ የመሥሪያ ቤት ሰርቪስ።

ክላክስ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። የክፍለ ሀገር መንገድ ላይ ክላክስ ይበዛል። ለምን? ሊማሊሞን ስትወርድ ኩርባው ከጀርባው ምን እንደያዘ አታይም። ሳትደርስ ትነፋለህ። ከወዲያ የሚመጣ ካለ ይመልስልሃል። ሻሸመኔ ስትገባ ጋሪ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ መሃል አስፋልት ላይ ቆማ የምታስብ አህያ አለች። (አህያ ለክላክስ አትሰማም፤ ግን ባለቤቷ ይሰማል።) እዚያ ክላክስ ስድብ አይደለም። «መጣሁ» ማለት ነው። በር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» እንደማለት።

የአዲስ አበባ ክላክስስ? መብራቱ አረንጓዴ ከመሆኑ፣ ገና ዓይናችንን ሳናነሳ፣ ከኋላ ይጮኽብናል። ያ ማስጠንቀቂያ ነው? ሚኒባሱ ተሳፋሪ ለመጥራት ይነፋል። ራይዱ ደንበኛውን ከአምስተኛ ፎቅ ለማስወረድ ይነፋል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የሠርግ አጀብ አለ። ከቸርችል ጎዳና ሽቅብ እስከ ማዘጋጃ ቤት አንድ ትንፋሽ ነው። ቪዲዮ ቀራጩ ከመኪናው ጣሪያ ወጥቶ፣ አጃቢው ሦስት መስመር ይዞ። ስለ አጀቡ ጸሐፊው አንዲት ቃል አልጻፉም። ሠርግ ስለሆነ ይቅር ተብሎ ይሆናል።

ጆሮዬ ግን አንድ ነገር ታዝቧል። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ድምፅ የላትም። ከኋላዬ መጥታ ስትቆም አልሰማትም። አንዳንዴ እንደ ሊማሊሞ ብትነፋ እላለሁ።

የመብራት ምልክት አያውቁም ለሚለው የራሴን ጉድ ልናገር። ይኼ ገንዘብ ያስወጣኝ ነው።

የረጅም መንገድ ሹፌሮች በመብራት ያወራሉ። ፊትህ ያለው ከባድ መኪና የቀኝ ፍሬቻ ካበራ «እለፍ፣ መንገዱ ባዶ ነው» ማለቱ ነው። የግራውን ካበራ «ቆይ፣ ከፊት የሚመጣ አለ» ማለት ነው። ከፊት የሚመጣው መብራቱን ብልጭ ካደረገብህ ደግሞ ወይ ትራፊክ አለ፣ ወይ ከብት አለ፣ ወይ የተበላሸ መኪና አለ። ብቻ «ጠንቀቅ» ማለት ነው። አስፋልት ላይ የተቆረጠ ቅጠል ካየህ ያው ነው። ትንሽ ወረድ ብሎ የቆመ መኪና አለ። ባለሦስት ማዕዘኑ አንጸባራቂ ባይኖርም ዛፍ አለ። ይኼን ማንም ትምህርት ቤት አያስተምርም። እኔን ያስተማሩኝ አባይ በረሃ ላይ ጎማ የነደለባቸው አንድ ሽማግሌ ሹፌር ናቸው። ክሪክ አዋስኳቸው። እሳቸው ደግሞ ጎሐ ጽዮን ላይ ሻይ እየጋበዙኝ «ልጄ፣ ፍሬቻ አፍ ነው፤ ዝም ብለህ አትክፈተው» አሉኝ።

አዲስ አበባ ላይ ብልጭታ ምን ማለት ነው? እውነቱን እንነጋገር። «እለፍ» ማለት ነው። ደግሞም «እኔ ልለፍ» ማለት ነው። አንዳንዴ «ሰላም ነው፣ ጠፋህ!» ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ የምታውቀው ካለፍክ ወይም ከተጋጨህ በኋላ ነው።

ከጅማ ተመልሼ በማግስቱ ነበር። ቸርችል ላይ ወደ ታች እየወረድኩ ነው። ከፊት አንድ ቪትዝ ወደ ግራ ሊታጠፍ ቆሟል። እኔ «ጠንቀቅ፣ እየመጣሁ ነው» ብዬ መብራት ብልጭ አደረግኩለት። እሱ «እለፍ ብሎኛል» ብሎ ገባ። ፍሬን ያዝኩ፤ ግን ፓራውልቴ ጎኑን ላጨው። ወርደን ተያየን። «አንተ አይደለህ እንዴ እለፍ ያልከኝ?» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም ተናድጄ «ተጠንቀቅ ነው ያልኩህ!» አልኩት። በመሃል ሊስትሮው እስኪስቅ ድረስ በብልጭታ ትርጉም ተከራከርን። ሁለታችንም የአዲስ አበባ ልጆች ነን። ሁለታችንም ታርጋችን «አአ» ነው። እኔ የጅማን መንገድ ቋንቋ ተናገርኩ፣ እሱ በአራዳ ሰማ። ጥፋቱ የኔ ስለነበር በስምምነት ከፈልኩ። እንግዲህ የትኛው ነው ምልክት የማያውቀው? ሁለት ቋንቋ ያለው ሰው ቋንቋ አያውቅም አይባልም። ያደናግራል እንጂ።

አደባባይ ላይ ስንመጣ ሕጉ ግልጽ ነው። ውስጥ ላለው ቅድሚያ ይሰጣል። የሚገባው ይቆማል። አሁን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አንድ ቀን ለጨዋታ ብላችሁ አንድ ትልቅ አደባባይ ዳር ቁሙ። ቅድሚያ ለማን ነው የሚሰጠው? አፍንጫውን ቀድሞ ላስገባ። ዓይን ላላየ። ዓይን ካያችሁ ማስለፍ ይመጣል፤ ስለዚህ የአዲስ አበባ ጎበዝ ሹፌር ዓይን አያይም። ቀጥ ብሎ ወደ ፊት እያየ ሹልክ ይላል። ይህን ያስተማረን ክፍለ ሀገር አይደለም። መንገዱ ራሱ ነው። መስቀል አደባባይ ከመታደሱ በፊት፣ ያ ሁሉ ሰፊ ሜዳ መብራት ሳይኖረው፣ ከስንት አቅጣጫ የሚመጣ መኪና እየተጣለፈ ሲያልፍ ዓለም በቪዲዮ ተደምሞበታል። ብዙዎቻችን ያደግነው እዚያ ትምህርት ቤት ነው። በ2013 ዓ.ም. ሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶ፣ መብራት ቆሞለት ተመረቀ። መብራቱን ስናይ ግን ልባችን አሁንም በዱሮው ነው። ቢጫ ሲበራ የሚያቀዘቅዝ ሰው ከኋላ ይሰደባል።

ይልቅ ጸሐፊው ከእነልዩነቱ ክፍለ ሀገርን ቢያዩት ብዙ ይጻፍላቸው ነበር። መጀመሪያ ነገር «ክፍለ ሀገር» የሚባል አንድ ቦታ የለም። የእሳቸው ክፍለ ሀገር ከቃሊቲ ይጀምርና ሞያሌም መቀሌም ይደርሳል። ደሴ ተራራ ላይ የተለጠፈች ከተማ ናት። ደሴ ያደገ ሹፌር መኪና ሲያቆም ጎማውን ወደ ጠርዝ ይጠመዝዛል፣ ድንጋይ ከሥሩ ያደርጋል፣ ማርሽ ያስገባል። ሽቅብ ለሚወጣ ቆሞ ያሳልፋል፤ ቁልቁለት ላይ ያለው እንደገና መነሳት አይቸግረውም። ይኼን ልጅ ቸርችል ላይ አምጡት። ዳገት ላይ ከኋላ የተጠጋን መኪና ወደ ኋላ ተንሸራቶ አይነካም። የእኛ ሰው ግን አፍንጫው ከእኔ ፓራውልት አንድ ስንዝር ላይ ነው።

ባሕር ዳርና ሐዋሳ ለጥ ያሉ ከተሞች ናቸው። ብስክሌትና ባጃጅ ሞልቷል። የዚያ ሹፌር የመኪና በር ከመክፈቱ በፊት ስፖኪዮ ያያል። አለበለዚያ ብስክሌተኛ ያወድማል። እኛ መሃል ከተማ ላይ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ከተሠራልን ገና ትንሽ ጊዜ ነው። ከመኪና ስንወርድ አሁንም በሩን በርግደን ነው። ሐረር ደግሞ ጀጎል ውስጥ እስከ ፈረስ መጋላ የምትገባው መንገድ ጠባብ ናት። የቆዩት ፔጆ 404 ታክሲዎች ሹፌሮች ሲገናኙ አንዱ ያለ ጭቅጭቅ ወደ ኋላ ይመለሳል። ማን እንደሚመለስ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እነሱ ይተዋወቃሉ። አንድ ቀን እኔ አልመለስም ብዬ ቆሜ ነበር። አንዲት እናት ከበራቸው ወጥተው «ከአዲስ አበባ ነህ መሰለኝ» አሉኝ። ተመለስኩ።

ዜብራ። ይኼን ቶሎ ልለፈው ብዬ ነበር፤ ግን አይታለፍም። ጸሐፊው ይህን እንደ ጨዋነት ጉዳይ ነው ያነሱት። ነገሩ የሞት ጉዳይ ነው። በዚህ ከተማ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ሕጉ እግረኛ ዜብራ ላይ ሲገባ ቁም ይላል። እኛ እግረኛው ሲገባ ፍጥነት እንጨምራለን፤ ቶሎ ካለፍን ለእሱም ይቀለዋል ብለን መሰለኝ። ወይም አንዱ ሲቆም ሌላው በጎኑ አልፎ ይሄዳል። ይኼ ሁለተኛው ነው ገዳዩ። የቆመው መኪና እግረኛውን ይሸፍነዋል፣ የሚያልፈው አያየውም። ባለፈው ለገሃር ላይ ለአንዲት እናት ቆምኩ። የቀኜ መስመር ላይ ያለው አልቆመም። እጄን በመስኮት አውጥቼ ባላወዛውዝ ኖሮ... ተውት። ታርጋውን አይቻለሁ። ጸሐፊው ደስ አይላቸውም።

መሃል መንገድ ቆሞ ማውራት? አዎ፣ አለ። የረጅም መንገድ ሹፌሮች ፊት ለፊት ሲገናኙ መስኮት ዝቅ አድርገው «መንገዱ እንዴት ነው?» ይባባላሉ። ክረምት ላይ ናዳ ወርዶ መንገድ ተዘግቶ ከሆነ ከራዲዮ በፊት የሚነግርህ ያ ሹፌር ነው። ሜክሲኮ ላይ ግን ይኼ አያስፈልግም፤ እዚህ ልክ ናቸው። ቢሆንም እኛ ጋ «ወራጅ አለ!» የምትባል ቃል አለች። በሦስተኛ መስመር ላይ ያለ ሚኒባስ ይኼን ሲሰማ ባለበት ይቆማል። ረዳቱ በር ከፍቶ እጁን ያወጣል። እጁ ፍሬቻ ነው፤ እጁ መብራት ነው፤ እጁ ሕግ ነው። ሹፌሩ ሰይጣን ስለሆነ አይደለም። ለባለቤቱ በቀን የሚያስገባው የተቆረጠ ገቢ አለ። ነዳጁም ከእሱ ነው። ከዚያ የተረፈው ነው ለልጆቹ። አንድ ተሳፋሪ ማለፍ ማለት ከኪሱ ማውጣት ነው። የትም ተወለደ የት፣ ይኼ አሠራር ያው ዓይነት ሹፌር ነው የሚሠራው። ዛሬ ከመቀሌ መጥቶ ሚኒባስ የያዘ ልጅ በሁለት ወሩ ከእኛ ይብሳል። ያመጣው ሳይሆን እዚህ ያገኘው ነው።

መንጃ ፈቃድ ስለመግዛት ብዙ አልልም። ችግሩ አለ። ያላሠለጠነ የሚያስፈትን አለ፣ ያልነዳ የሚያልፍ አለ። ግን ሕጉ አንድ ነው። አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ለአገሪቱ በሙሉ የወጣ ነው። የመንጃ ፈቃዱ ደረጃም ያው ነው፤ ሕዝብ 1 የትም ሕዝብ 1 ነው፣ ደረቅ 1 የትም ደረቅ 1 ነው። ሌብነት ደግሞ ከቃሊቲ በር ወዲያ ብቻ የሚበቅል አይደለም።

የቀረችው የበር ላይ ፈተና ናት። እሺ፣ እንፈትን። ግን ወደሚወጣውም ይሁን። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ሲኬድ አይታችኋል? የአዲስ አበባ አውቶሞቢል ነቅሎ ይወጣል። ዓመቱን ሙሉ ከሳሪስ ፒያሳ በሁለተኛ ማርሽ የነዳ ሰው አሰበ ተፈሪን አልፎ ዳገቱ ላይ ኩርባ እየቆረጠ ይቀድማል። ቁልቁለት ላይ ማርሽ አይቀንስም፤ ፍሬን ብቻ ይረግጣል። ከታች ሲደርስ ጎማው ይሸታል። የአካባቢው የጭነት መኪና ሹፌሮች በእነዚያ ቀናት ዳር ይዘው ይቆማሉ። አንዱን ለምን እንደቆመ ጠይቄው «እናንተ እስክታልፉ ነዋ» አለኝ። ደግሞ ይህን ብሎ የክፍለ ሀገር ጽሑፍ አልጻፈብንም። ስለቱን ሊያደርስ የሄደ ሰው ነው ብሎ አዘነልን።

በአንድ ነገር ግን ከጸሐፊው ጋር ነኝ። በጽሑፋቸው መጨረሻ ላይ በአንዲት መስመር ብቻ ነው ያነሷት፤ ረጅም መብራት። እዚህ ላይ ከሌሊት ጉዞ የምንገባ ሹፌሮች ጥፋተኞች ነን። ጨለማ አገር ስንነዳ ቆይተን፣ የመንገድ መብራት ያለበት ከተማ ገብተንም ረጅሙን አንቀንሰውም። ፊት ለፊት የሚመጣው ሰው ይታወራል። እግረኛ ቢኖር አያየውም። እኔም ባለፈው ሳምንት ከጎጃም መልስ ሱሉልታን አልፌ፣ እንጦጦን ወርጄ፣ አዲሱ ገበያ ድረስ ረስቼው ነበር። ከፊቴ የመጣ አሮጌ ላዳ ሦስት ጊዜ ብልጭ አደረገብኝ። እለፍ አላለም፣ ልለፍ አላለም። ወዲያው ገባኝ፣ ዝቅ አደረግኩት።